ለትርዒቱ የተለቀመው ቦሎቄ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር ደረትህን የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም አብሮህ ያድራል? እግርህስ? ቀኑን ሙሉ በዚያ በረዶ ቤት ውስጥ የምግብ ካርቶን ስደረድር እውላለሁ ካልከን ወዲህ እናታችን ሱቅ ውስጥ ካልሲ ባየች ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀራል። ምግብህ፣ እንቅልፍህ፣ የአለቃህ ጠባይ፣ የጎረቤቶችህ ነገር ሁሉ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን የሚለው ቃል ግን ዛሬ ከብዕሬ አልወጣልኝም፤ ለምን እንደሆነ ስታነብ ታየዋለህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ አራቱንም ገጽ አነበብኩት። የግብርናና የምግብ ንግድ ትርዒት ለአንድ አገር ኢኮኖሚ የሚሰጠውን ጥቅም ዘርዝረህ ጽፈሃል። ገበሬው ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፣ የውጭ ምንዛሪ ይገባል፣ አዲስ መሣሪያ ይታያል፣ ወጣቱ ሥራ ያገኛል ብለሃል። እኔ ካርቶን ልትደረድር የሄድክ ነበር የመሰለኝ፤ ለካስ ሚኒስትር ሆነህልናል። እስከዚያ ድረስ እየሳቅኩ ነበር ያነበብኩት። ከዚያ የመጨረሻዋ አንቀጽ መጣች። «ሌባን ዘመድ ነው ብሎ መሸፋፈን አገር ይገድላል፤ የመጋዘኑ ሰውዬ ለሕግ ይቅረብ» ትላለች። የመጋዘኑ ሰውዬ ያልካቸው አጎታችን መሆናቸውን የረሳህ መስሎኝ መለስ ብዬ አየሁት። አልረሳህም።

ወሬውን ማን እንዳደረሰልህ አውቃለሁ። የገበሬዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር የእህቱ ልጅ አንተ ካለህበት ከተማ ነው፤ ስልክ ካለ ደግሞ ወሬ እግር አያስፈልገውም። አሁን እኔ ከሥሩ ልንገርህ። አንብበህ ስትጨርስ የምትሰድበው ሰው ካጣህ እኔን ስደብ።

ነገሩ የጀመረው ከአዝመራ በኋላ ነው። ማኅበራችን ነጭ ቦሎቄውን ይዞ በትልቁ የምግብና የግብርና ትርዒት ላይ እንዲገኝ የተጋበዘ ጊዜ፣ ሰፈሩ ሁሉ ልጁን የሚድር ነበር የመሰለው። የተላከልን ወረቀት ከምርታችሁ አንድ ኩንታል ናሙና ይዛችሁ ኑ ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም። አንተ መቼም ታውቀናለህ። እኛ ቤት ሳይበጠርና ሳይለቀም ለእንግዳ የቀረበ እህል አይተህ ታውቃለህ? እኛ እንደተገኘ እንበላለን፣ እንግዳ ግን ጠጠር አይነክስም። ሊቀ መንበራችን፣ ያ ከአንተ ጋር አንድ ክፍል የተማረው፣ ሴቶቹን ሰብስቦ፣ የሚያየው የውጭ ሰው ነውና አንዲት እንከን እንዳይገኝበት አለን። ለምን ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሰፌዷን ይዛ መጀመሪያ የተቀመጠችው እህትህ ናት።

አሥራ አንድ ሴቶች አሥራ ስድስት ቀን ለቀምን። መጋዘኑ በረንዳ ላይ እግራችንን ዘርግተን፣ የተሰነጠቀውን፣ የተሸበሸበውን፣ ወደ ቢጫ ያዘነበለውን፣ ከሌላው አነስ ያለውን ሳይቀር እየነቀስን ጣልን። ከአምስት ኩንታል አንድ ኩንታል ወጣ። አጎታችን ጆንያውን መዝነው ያወጡልናል፣ የጣልነውን ደግሞ መልሰው መዝነው ያስገባሉ። አንድ ቀን ከሰፌዴ ላይ እፍኝ አንስተው በመዳፋቸው ሲያገላብጡ ቆዩና፣ ልጆች፣ ይሄ ቦሎቄ ያምራል፣ የእኛ ግን አልመሰለኝም አሉ። ሳቅንባቸው። ያቺ ለሰው ነገር ማውጣት የማይሰለቻት ጎረቤታችን፣ አባ ቁልፉ ዓይናቸው ደክሟል አለች። ቁልፉን ከወገባቸው ስለማይለዩት ያወጣንላቸው ስም እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ የቦሎቄውን ነገር ደግመው አላነሱም።

ወደ ትርዒቱ የሄድነው ሊቀ መንበሩ፣ ጸሐፊውና እኔ ነን። እኔን የመረጡኝ አፍ አላት ብለው ነው። አዳራሹን ብታየው የእህል መጋዘን ነው ብለህ ታስባለህ፤ ጣሪያው ብረት፣ ስፋቱ ሜዳ፣ ወለሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ። ለእኛ የደረሰን ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ የሆነች ቦታ ናት። ቦሎቄውን በመስታወት ሳህን አድርጌ መብራቱ ሥር ሳስቀምጠው፣ ስሜቴን አልደብቅህም፣ ኮራሁ። ሰው እያለፈ ቆም ይላል፣ ይነካል፣ ጣቱን ያሽና ይሄዳል።

የጻፍከው ሐሰት አይደለም፤ ይህንንም ልመስክርልህ። ያን ሳምንት በከተማው አልጋ አልተገኘም። ታክሲው፣ ምግብ ቤቱ፣ ድንኳን ተካዩ፣ ወረቀት አታሚው ሁሉ እጁ ሥራ ፈትቶ አልዋለም። ከጎኔ የነበረች ወተት አቀነባባሪ ሴት ሦስት ዓመት ስትፈልገው የኖረችውን ማቀዝቀዣ የሚሠራ ሰው ከፊቷ ሦስት ቦታ አልፎ አገኘችው። ከማዶ የነበረው የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት ስንዴውን በቀጥታ ከገበሬዎች ለመውሰድ ተዋዋለ። እኔ ራሴ እኛ ሰፈር ድረስ እየመጣ ቦሎቄያችንን የሚሰበስበው ደላላ ስንት ዓመት ሲያታልለን እንደኖረ ያወቅኩት እዚያ የወደቡን ዋጋ ስሰማ ነው። አንድ ማሽንም አየሁ። ቦሎቄውን ከላይ ያፈሱበታል፣ መጥፎውን ፍሬ እንደ ሰው እያየ በአየር እፍ ብሎ ይጥለዋል። አሥራ አንዳችን በአሥራ ስድስት ቀን የለቀምነውን ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጨርሰዋል አሉኝ። ያን ጊዜ ሳቅኩ። ማኅበሩ እንዲህ ዓይነቱን በጋራ ቢገዛ ብዬ ማሰብ ሲገባኝ፣ እኛ የማሽን ሥራ በእጃችን ሠራን ብዬ ኮራሁ።

ገዢው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እፍኝ ቦሎቄ አንስቶ ነጭ ወረቀት ላይ በተነና አንድ በአንድ ቆጠረው። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል በምን ማሽን እንደምናጣራ ጠየቀኝ። በእጃችን ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ለመሆኑ ያላችሁ ምርት ሁሉ እንዲህ ነው ወይ አለኝ። ሊቀ መንበሩ ያን ሰዓት ካሜራ ፊት ቆሞ ስለ አገር ዕድገት እየተናገረ ነበር። አጠገቤ ሊያርመኝ የሚችል ሰው የለም። አዎ፣ ሁሉም እንዲህ ነው አልኩት።

ወንድሜ፣ ነገሩ ይህ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። ሰውዬውን ላታልለው አስቤ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። አላሰብኩም። ቤት የመጣ እንግዳ ምግቡ ይጣፍጣል ወይ ሲል አዎ እንደሚባለው ነው አዎ ያልኩት። ሰውዬው ግን ለምግብ አልመጣም፣ ሊገዛ ነው የመጣው። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ የተዋዋልነውን ስምንት መቶ ኩንታል እንደዚያ እንልቀም ብንል አሥራ አንዳችን ሠላሳ አምስት ዓመት ያስፈልገን ነበር። ያኔ እኔ ሰማንያዬን እሻገራለሁ፤ ቦሎቄውን የምለቅመው በትዝታ ነው።

ውሉ የተፈረመ ቀን ከዚያው ናሙና ሁለት ትንንሽ ከረጢት ተሞልቶ ታሸገ። አንዱ ለእኛ ቀረ፣ አንዱን ገዢው ወሰደ። ስንመለስ የተደረገልንን አቀባበል አልነግርህም። ትርዒቱ በተዘጋ ማግስት ሬዲዮው በዚህ ትርዒት ይህን ያህል ውል ተፈርሟል፣ አገራችን ይህን ያህል ምንዛሪ ታገኛለች ሲል፣ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ የእኛም አለበት አለ። እውነት ነው፣ ነበረበት። እስከ ዛሬም አለበት፤ ከዚያ ቁጥር ላይ እኛን የቀነሰ ሰው አልሰማሁም።

ጭነቱ ወደብ መጋዘን የደረሰ ጊዜ የገዢው መርማሪ ያቺን የታሸገች ከረጢት ፈቶ ከጎኑ አስቀመጠ። ከዚያ ውስጡ ክፍት የሆነ ሹል ብረት በየጆንያው ሆድ እየሰካ የወጣለትን ፍሬ አየ። ቦሎቄያችን መጥፎ አልነበረም። ሁልጊዜ የምናመርተው፣ አንተም ያደግክበት ቦሎቄ ነው፤ ጥሩውም፣ ስንጥቁም፣ ሽብሽቡም አብሮ ያለበት። ወረቀቱ ላይ የጻፈው ግን ከናሙናው ጋር አይመሳሰልም የሚል ነው። መኪኖቹ እንደተጫኑ ተመለሱ። ያ የነገርኩህ ደላላ ጥርሱን እየፋቀ መጥቶ፣ ከአምናው ዋጋ በታች ወሰደው። የትርዒቱን ትርፍ ለማየት የወጣነው ሰዎች የአምናውንም አጥተን ገባን።

ያን ጊዜ አባላቱ ተቆጡ፤ ማን ነው ጉድ የሠራን አሉ። ሊቀ መንበሩ ተነስቶ፣ ቦሎቄው ከእጃችን ሲወጣ እንደ ዕንቁ ነበር፣ እዚያ ሲደርስ ጠጠር ሆኖ ተገኘ፣ በመካከሉ ያለው መጋዘን ነው አለ። ጥሩው በስውር ተሽጦ በቦታው የአምና ውዳቂ ተቀላቅሏል አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ልቀሙ ብሎ ያዘዘ ራሱ፣ የለቀምን እኛ፣ የዋሸሁ እኔ፤ ተጠያቂው ቁልፍ የያዘው ሽማግሌ። አጎታችን አልተከራከሩም። ከወገባቸው ላይ ያን ገመድ ፈቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታስሮ የኖረ ቋጠሮ ስለሆነ ቶሎ አልተፈታላቸውም፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲታገሉ አያቸው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ቆጥራችሁ ተረከቡኝ ብቻ ብለው ወጡ።

እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አሥሩም ሴቶች አሉ። አንዳችን ትንፍሽ አላልንም። ምላሴ ተሳሰረ ልበልህ? አልተሳሰረም። ቢናገር ምን እንደሚከተል አስልቶ ነው ዝም ያለው። ሊቀ መንበሩ ለሚቀጥለው ትርዒት የምትሄደው አንቺ ነሽ ብሎኛል፣ የሴቶቹም ኃላፊ አድርጎኛል፣ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል። ይህ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። በክረምት ወንዝ ሲሞላ አንተን በትከሻቸው፣ እኔን በእጃቸው ይዘው ትምህርት ቤት ያሻገሩንን ሰው በዚህ ለወጥኳቸው። አንተ ደግሞ በወሬ ለወጥካቸው። እኩል ነን፤ እንዲያውም አንተ ትሻላለህ፣ አንተ እውነቱን አታውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናታችን ወንድሜ ሌባ ተባለ ብላ ውሃ የምትቀዳው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ጀሪካን ተሸክማ ትሄዳለች። ልቤ በየቀኑ ይወልቃል፣ በየቀኑም ዓይኔን በጨው አጥቤ ማኅበሩ ቢሮ እገባለሁ። ያንተ ደብዳቤ ሲመጣ ግን በቃኝ። ያቺን አንቀጽ ከማዶ የጻፍካት አንተ ብትሆንም እኔ ያጻፍኩህ መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት አጎታችን ቤት ሄድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው የተቀደደ ጆንያ በወስፌ ይሰፋሉ፤ የማኅበሩን ጆንያ፣ ያባረሯቸውን ሰዎች ጆንያ። ምነው ቢሏቸው ተቀዶ እህል ያፈሳላ ይላሉ። ከአጠገባቸው ቁጭ ብዬ ለገዢው ያልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ወስፌያቸውን አላቆሙም። አውቃለሁ አሉኝ። አምስት ኩንታል መዝኜ አውጥቼ አንድ ኩንታል የተረከብኩ እኔ አይደለሁ ወይ፣ ሰውዬው ስምንት መቶ ኩንታል ሲያዝዝ እኮ ያልሆነ ነገር እንደተባለ ገብቶኛል አሉ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። የመለሱልኝን እንዳለ ልጻፍልህ፤ «እኔ ነገ ተነገ ወዲያ አልፋለሁ። ለዚህ ሰፈር እህል ገና ብዙ ገዢ ይመጣል። ፊቱ ቆመሽ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። አንቺ ውሸታም ከተባልሽ ማን ያምነናል ብዬ ነው» አሉኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያሉ ያሳደጉን ሰው፣ የራሳቸውን ስም ለእኔ አፍ ሰጡት። አለቀስኩ። እሳቸው ክሩን በጥርሳቸው ቆርጠው ሌላ ጆንያ ሳቡ።

እንግዲህ አንተ ስለ አገር ጥቅም አራት ገጽ ጽፈሃል፣ እኔም ያየሁትን ልጨምርልህ። ትርዒቱ ይጠቅማል። ነገም ቢጠሩን እንሂድ እላለሁ። ግን ያ ሁሉ ምንዛሪ፣ ያ ሁሉ ውል የሚቆመው ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ ቦታ ላይ የቆመች አንዲት ሴት፣ አይ ጌታዬ፣ ይህ የተለቀመ ነው፣ የእኛ ቦሎቄ እንዲህ ነው ብላ ሌላ ሳህን ስታወጣ ነው። ያን ሳህን ይዤ ብሄድ ኖሮ ሰውዬው ምናልባት በአነስተኛ ዋጋ ይገዛን ነበር፤ ከደላላው ግን በብዙ ይሻል ነበር። በዓመቱም ተመልሶ ይመጣ ነበር። አሁን የዚህን አካባቢ ቦሎቄ ስም ሲሰማ ፊቱን ያዞራል፤ እኛን ብቻ ሳይሆን ጎረቤት ያለውን ማኅበርም፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣውንም።

ነገ ጠቅላላ ስብሰባ አለ። አጎታችንን ለፖሊስ ለማስረከብ ድምፅ ይሰጣል ተብሏል። እኔ እጄን አወጣለሁ። አምስቱን ኩንታል፣ አሥራ ስድስቱን ቀን፣ አዎ ያልኩትን አዎ ሁሉ እናገራለሁ። ከሴቶቹ አንዷ ብቻ አብሬሽ እቆማለሁ ብላኛለች፤ እሷም ያቺ ነገረኛ ጎረቤታችን ናት፣ ማን ያስበው ነበር። የቀሩት ባሎቻቸውን ፈርተዋል። ሊቀ መንበሩ ወሬውን ሰምቶ ትናንት ቤቴ መጥቶ ነበር። እንዳታፈርሺን አለኝ። ፈርሰን ነው የምንኖረው አልኩት። ቁልፉን ይመልሱላቸዋል ብዬ አልጠብቅም፤ ሰው የወሰደውን ስም እንደ ብድር ዕቃ መልሶ አያመጣም። ቢሆንም ይሰማ።

እንግዲህ ሰላምታውን ላድርስልህ። እናታችን ስመህ ስመህ አልጠግብም ትላለች፤ ሳትጽፍ ቆየህ ብላም ተቀይማሃለች። ባለቤቴ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል፤ ነገ ስናገር ከኋላዬ እንደሚቀመጥ ነግሮኛል፣ አጠገቤ ግን አላለም። ሴቷ ልጄ ያጎቴን ፎቶ አስልኩልኝ ትላለች፤ ትንሹ መልክህን ስለማያውቅ ፖስተኛውን ሁሉ አጎቴ ይለዋል። አክስታችን ጉልበቷን እያመማት ቢሆንም ምርቃቷ አልደከመም።

አጎታችን ደግሞ ከፖስታ ቤት ስመለስ ሁልጊዜ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። የልጄ ደብዳቤ መጣ ወይ ይሉኛል። ይህን የእኔን ነገር ሰምቶ ይሆን፣ ምን ይል ይሆን ይሉኛል። ገና አልመጣም እላቸዋለሁ፤ ለእናታችንም እንዲሁ ብያታለሁ። ነገ በስብሰባው ላይ የዋሸሁትን ሁሉ አውጥቼ እናገራለሁ፣ ይህቺን አንዷን ግን አስቀርቻታለሁ። ፈጥነህ ጻፍላቸው።

እህትህ

ከመጋዘኑ ማዶ፣ ከእናታችን ቤት
መጋቢት 6 ቀን